የፊልም ክበብ ዘገባ፦ ዚጊ፣ ድራመሩ እና የተቃጠለው አምፖል

ብዙዎቻችሁ ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁ ከመልሱ ልጀምር። አዎ፣ የፊልም ክበብ ዘንድሮ ያጠናው የእንግሊዝን ግላም ሮክ ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዘፋኞች ተቀባብተውና ብልጭልጭ ለብሰው የሚጫወቱትን ሮክ ማለቴ ነው። አዎ፣ እዚሁ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ። አንድ አባት በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስተው «ልጆቻችንን አማርኛ እንዲማሩ ብለን ነው የላክናቸው። ወንድ ልጅ ኩል ሲኳል እንዲያዩ ነው እንዴ?» ብለው ነበር። ቅር አላለኝም። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ግን እዚያ በተሰጠኝ ሁለት ደቂቃ የሚመለስ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ከልጆቹ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ «ሰው እንዴት ነው ዝነኛ የሚሆነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁሉም ስለ ቲክቶክ አወሩ። እኔ ደግሞ ስልክ ከመምጣቱ በፊት የሆነ፣ እዚሁ ለንደን ውስጥ በአውቶቡስ የሚደረስበት ምሳሌ ፈለግሁ። ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

በ1947 ብሪክስተን ውስጥ ዴቪድ ጆንስ የሚባል ልጅ ተወለደ። ካደገ በኋላ ዴቪ ጆንስ የሚባል ሌላ ዘፋኝ ስለነበረ ስሙን ለውጦ ዴቪድ ቦዊ ተባለ። በ1969 አንድ ዘፈን ወጣለት፤ ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ። በ1972 ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ዚጊ ስታርደስት የሚባል የፈጠራ ሰው። ጸጉሩ ቀይ፣ ልብሱ የሰርከስ፣ ፊቱ የተቀባ። ጁላይ 6 ቀን 1972 ቢቢሲ ላይ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» በሚባለው ፕሮግራም ቀረበ፤ በአንዷ ስንኝ ላይ ጣቱን ቀጥታ ወደ ካሜራው ቀሰረ። ይህችን ቅጽበት ደጋግመን አየናት። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ላሉት አይደለም የሚዘፍነው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚያየው ለአንድ ልጅ ነው። የሌንስን ጥቅም ከዚህ በላይ የሚያስተምር ነገር የለኝም።

እሱ ብቻ አልነበረም። ዘፋኙ ማርክ ቦላን የሃክኒ ልጅ ነው፤ የሎሪ ሹፌር ልጅ፣ እውነተኛ ስሙ ማርክ ፌልድ። በ1971 እዚያው ፕሮግራም ላይ ከዓይኑ ሥር ብልጭልጭ ለጥፎ ወጣ፤ ብዙዎች ግላም ሮክን ከዚያ ምሽት ይቆጥራሉ። ልጆቻችንን ይበልጥ የያዛቸው ግን የ«ክዊን» ባንድ ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪ ነው። ፋሩክ ቡልሳራ ተብሎ ዛንዚባር ተወለደ፤ ቤተሰቡ በ1964 ወደዚህ ተሰዶ ሂትሮው አጠገብ ፌልተም ገባ። «እንደኛ ማለት ነው» አለች አንዷ። አስተማሪዋ በትክክል መጥራት ስላቃታት ስሟን ያሳጠረችላት ልጅ ናት፤ እንደሷ ያሉት ብዙ ናቸው። የዚያን ቀን ማን ስሙን ወድዶ እንደለወጠ፣ ማንስ እንደተለወጠበት አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ።

በምን ቋንቋ? በአማርኛ! ክፍል ውስጥ «እሺ» ከማለት ሌላ የማይተነፍሱ ልጆች «አይደለም፣ ልጨርስ» እየተባባሉ ሲሟገቱ ሰማሁ። ለእኚያ አባት ዋናው መልሴ ይኼ ነው። ሜካፑን በተመለከተ ደግሞ፣ ልጆቻችን በየቀኑ ስልካቸው ላይ ፊታቸውን በፊልተር እየቀያየሩ ነው። እኛ ብናወራበት ይሻላል እንጂ ዝም ብንል የሚቀር ነገር አይደለም። ለዕድሜያቸው የማይሆን ፊልም አላሳየንም፤ ስለዚያ ዘመን በ1998 የተሠራ አንድ የታወቀ ልብ ወለድ ፊልም ቢኖርም ለአዋቂ ስለሆነ አለፍነው።

መደበኛ ስብሰባዎቻችንን በአጭሩ ልለፋቸው። በመጀመሪያው ተርም ፍሬም፣ ብርሃንና ድምፅ ተማርን። በሁለተኛው እያንዳንዱ ልጅ አንድ የፈጠራ ሰው አዘጋጀ፤ ስም፣ አለባበስ፣ አረማመድ። በሦስተኛው አጫጭር ፊልሞች ቀረጽን። ጂሲኤስኢ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች የሚወስዱት ፈተና ሲደርስ ትልልቆቹ ቀሩብን፤ የሚጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ጉዟችን። በፋሲካ እረፍት በወጣንበት ቀን መጀመሪያ ያየነው ከሪጀንት ስትሪት ጀርባ ያለችውን «ሄደን ስትሪት» የምትባል መንገድ ነው። በጃንዋሪ 1972 የዚጊ አልበም ሽፋን ፎቶ የተነሳው እዚያ፣ በብርድና በዝናብ ነበር። የኛ ቀን ፀሐይ ስለነበረ ሰዉ ሁሉ ደጅ ወንበር ላይ ምሳውን ይበላል። «ይቺ ናት?» አለ አንዱ፣ ተናድዶ። ልክ ነው፤ ጠባብ የጀርባ መንገድ ናት። ፎቶው ራሱ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ልጆቹ የሚያውቁት የጸጉሩና የልብሱ ቀለም በኋላ በእጅ የተቀባ ነው። ግድግዳው ላይ ከ2012 ጀምሮ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የተሰቀለው ለቦዊ ሳይሆን ለዚጊ ነው። ላልተወለደ ሰው! አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንዷ ግን ጎንበስ ብላ ሁለቴ አነበበችው።

ከዚያ ወደ ሃመርስሚዝ። ያኔ ኦዲዮን ይባል የነበረው፣ ዛሬ አፖሎ የምንለው አዳራሽ ፊት ቆምን። ጁላይ 3 ቀን 1973 ቦዊ እዚያ መድረክ ላይ ሆኖ ይህ የጉዞው የመጨረሻ ምሽት ብቻ ሳይሆን ከእንግዲህ ጭራሽ የማይደገም ትርዒት ነው ብሎ ተናገረ። የቀረውን ንግግሩን የሕዝቡ ጩኸት ዋጠው። ፔኒቤከር የሚባል አሜሪካዊ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ጥቂት ዘፈኖች እንዲቀርጽ ተቀጥሮ መጥቶ ሙሉውን ቀርጾታል። ጨለማ የበዛበት፣ ቀይ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስል ምስል ነው። ያቺን ንግግር ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ አይተናት ነበር፤ እዚያ በር ላይ ቆመን በስልኬ ደግመን ከፈትናት።

ሁሉም ስለ ቦዊ ያወራል። ቦዊ አልተወም፣ የተወው ዚጊን ነው፤ የፈጠረውን ሰው ራሱ ገደለው፤ ጎበዝ ነው፣ ጨካኝ ነው። በዚህ መሃል ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጦ ያሳለፈው ልጅ እጄን ነካ አደረገኝ። ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመታው ልጅ ነው፤ ታውቁታላችሁ። «ጋሼ፣ ድራመሩ ያውቅ ነበር?»

አያውቅም ነበር። ጊታሪስቱ ሚክ ሮንሰን ተነግሮት ነበር፤ ድራመሩ ዉዲ ዉድማንሲና ቤዝ ተጫዋቹ ትሬቨር ቦልደር ግን ከሕዝቡ ጋር እኩል ነው የሰሙት። በሚቀጥለው አልበም ላይ ድራም የመታው ሌላ ሰው ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ምንም አላለም። ስልኩን ተቀብሎኝ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰ፤ ድራመሩ የሚታይበትን ቦታ ይፈልግ ጀመር። ካሜራው ኮከቡን እንጂ እሱን አይከተልም፤ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው።

የዓመቱ መጨረሻ ፊልሙን የሠራው በዚሁ ላይ ነው። አራት ደቂቃ አይሞላም። ኮከቡን አናየውም፤ ድምፁን ብቻ ከፊት እንሰማለን። ካሜራው ከበሮ መቺው ላይ እንደተተከለ ነው። እጁ ይመታል፣ ላቡ ይወርዳል፣ አንገቱ ላይ ያሰረው ነጠላ ይንሸራተታል። «ይህ የመጨረሻችን ነው» የሚለው ድምፅ ሲመጣ እጁ አየር ላይ ይቆማል። ከዚያ ምቱን ይጨርሳል፤ ሕዝቡ እየጠበቀ ነዋ። እናቱ አዳራሽ ውስጥ ከኔ አጠገብ ነበሩ። «ይሄ ልጅ ይናገራል እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔም ከዚያ ቀን በፊት ይህንኑ ስጠይቅ ነበር።

ያልሆነልንም አለ። የፕሮጀክተሩ አምፖል በሁለተኛው ተርም ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ ፊልም የምናየው በኔ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን ነው። ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ቆመው ያያሉ። ለስፖርት ቀን አዲስ ማሊያ መገዛቱን አይቻለሁ፤ ያምራል። አምፖሉ ግን ከማሊያው ርካሽ ነበር። ክፍላችንም በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ሁለት ጊዜ ከውዝዋዜ ክበብ ጋር ተጋጭተን እኛ ኮሪደር ላይ ቀረን።

ለሚቀጥለው ዓመት ያሰብነው ይኼ ነው። በሴፕቴምበር 2025 ሃክኒ ዊክ አጠገብ በቪ ኤንድ ኤ ኢስት ስቶርሃውስ፣ ማለትም በቪ ኤንድ ኤ ሙዚየም የዕቃ ማከማቻ ውስጥ፣ የዴቪድ ቦዊ ማዕከል ተከፍቷል። ልብሱ፣ ማስታወሻው፣ ረቂቁ፣ በጠቅላላው 90,000 ገደማ ዕቃ ተቀምጧል። መግቢያው ነፃ ነው። አስቀድሞ ቀጠሮ የያዘ ሰው የመረጠውን ዕቃ አውጥተው በቅርብ ያሳዩታል። የልጆቹም አውቶቡስ ዚፕ በሚባለው የለንደን ልጆች የጉዞ ካርድ ነፃ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ ብር አይደለም። አብረውን የሚሄዱ ሁለት ወላጆች፣ ቋሚ ክፍል፣ የፕሮጀክተር አምፖል። ከወላጆች አንዱ እኚያ የጠየቁኝ አባት ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ልጃቸው ክበቡ ውስጥ አለች፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ተመዝግባለች።