የሶፍትዌርና የተጠቃሚ ጥናት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ይዞ ነው የከረመው፦ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ መፈለጊያ ፕሮግራም መሥራትና ሰው በእርግጥ ሊገለገልበት መቻሉን መፈተሽ። በአይሲቲ ክፍል በር ያለፉ አንዳንድ ባልደረቦች «ልጆቹ ኮምፒውተሩን ትተው ወረቀት ሲቆርጡ ይውላሉ» ማለታቸውን ሰምተናል። አዎ፣ ቆርጠዋል፤ ሥራው የሚጀመረውም ከዚያ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ግማሽ አንድ የኮምፒውተር ገጽ ይሆናል። ተጠቃሚው በጣቱ ሲነካ፣ እንደ ኮምፒውተር የተመደበው ተማሪ ምንም ሳይናገር ቀጣዩን ገጽ ያስቀምጥለታል። እዚህ ላይ የተገኘ ጉድለት በላጲስ ይጠፋል። ኮዱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የተገኘ ግን የሳምንታት ልፋት ያፈርሳል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ስብሰባዎች በአባላት ምዝገባ፣ በሥራ ክፍፍልና ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትምህርት አለፉ። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ከኤክሴል ወደ መረጃ ማከማቻው ኤስኪውላይት ሲገለበጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ በተለመደው ሲኤስቪ (ሠንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ከተቀመጠ የግዕዙ ፊደል በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ዋናው ቅጂ ከሌለም አይመለስም። የግዕዙን ፊደል የሚይዘውን፣ «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ሲኤስቪ መምረጥ ግድ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ወደ ከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሄድንበት ነው። የአጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት መሠረት አምስት ተጠቃሚዎች በአማካይ ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ያጋልጣሉ። ይህ የሚያዋጣው ግን ተጠቃሚዎቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ነው፤ ስለዚህ ተማሪዎችንና አዛውንቶችን ለየብቻ አስቀመጥን። ጥያቄው በቃል ብቻ ይነገራል። በጽሑፍ ከተሰጠ ሰው ያየውን ፊደል ስለሚገለብጥ ችግሩ ተሸፍኖ ይቀራል።

አንድ አዛውንት ተቀመጡ። «አባባ፣ ስለ ፀሐይ የሚያስረዳ መጽሐፍ ይፈልጉልን» ተባሉ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ «ጸሀይ» ብለው ጻፉ። «አልተገኘም» የሚል መጣ። ትንሽ አዩትና «እኔው ነኝ መጻፍ የማላውቀው» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። መጽሐፉ እዚያም ከኋላቸው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ በእኛ ዝርዝር ውስጥ ግን የተመዘገበው «ፀሐይ» ተብሎ ነው። ደንባችን ተመልካች ተጠቃሚውን እንዳያግዝ፣ ፊቱንም እንዳይለውጥ ያዛል። የዘጠነኛ ክፍሏ መዝጋቢያችን እርሳሷን ጨብጣ እስከ መጨረሻው ዝም አለች። ሙከራው ሲያበቃ ብድግ ብላ «አባባ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም፤ ፕሮግራሙ ነው ያልገባው» አለቻቸው፣ መጽሐፉንም አውጥታ ሰጠቻቸው። ይህን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስተማር ይከብዳል።

በማግስቱ ማስተካከያው ተጀመረ። በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት) ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ «ፀሐይ» ብቻዋን ቢያንስ በአራት ዓይነት ትጻፋለች። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ከነሰባት ሰባት ቅርጻቸው 35 ይሆናሉ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ሲታከሉ ደግሞ 37። እነዚህን ወደ አንድ የሚመልስ ሠንጠረዥ ተዘጋጀ። በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ግን አልተነካም፤ የደራሲው አጻጻፍ መጠበቅ አለበት። የተመለሰው ጽሑፍ ለብቻው በሌላ ዓምድ ይቀመጣል፣ አንባቢው የሚጽፈውም ቃል ከመፈለጉ በፊት በዚያው ሠንጠረዥ ያልፋል። ከሁለቱ አንዱ ከተረሳ ፍለጋው ከቀድሞውም ይብሳል። ፀሐይ የወጣችበት «ሠረቀ» ከሌባው «ሰረቀ» ጋር መቀላቀሉ አይቀርም፤ ቢሆንም አንድ ትርፍ መጽሐፍ መታየቱ፣ ያለው መጽሐፍ የለም ከመባሉ እጅግ ይሻላል።

ከሙከራው በኋላ ባለ10 ጥያቄውን የአጠቃቀም መመዘኛ አስሞልተናል። መልሱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ ተራ ቁጥራቸው ጎደሎ ከሆነ ጥያቄዎች መልስ 1 ይቀነሳል፣ ተራ ቁጥራቸው ሙሉ የሆኑት መልሶች ከ5 ይቀነሳሉ፣ ድምሩ በ2.5 ይባዛል። ውጤቱ ከ100 ቢነገርም መቶኛ አይደለም። አሉታዊ ዓረፍተ ነገሮቹ በአማርኛ ሰውን ስለሚያደናግሩ ጮክ ብሎ ማንበብ ያሻል።

በሁለተኛው ሴሚስተር መብራት በተደጋጋሚ ስለጠፋና የ12ኛ ክፍል አባላት ለፈተና ስለተለዩን፣ መጽሐፍ ለመዋስና ለመመለስ የሚያገለግለው ገጽ አላለቀም። ኳስ ሲጠየቅ ለምን የሚል የለም፤ እኛ ባትሪ ስንጠይቅ ግን «ኮምፒውተር ተሰጥቷችሁ የለም ወይ?» እንባላለን። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ተጠቃሚው መሄድ አይቻልም፣ ተጠቃሚውም ወደ አይሲቲ ክፍላችን አይመጣም።

ለመጪው ዓመት የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረትን የምንጠይቀው ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚቆይ ባትሪ ያለው አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ)፣ አንድ የድምፅ መቅጃ እና ሁለት ደስጣ ኤ4 ወረቀት ነው። ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን፤ በቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በኩል ማስረከብ ይቻላል።