የአእምሮ ሕመም ኮድ የሚዘጋው ሕመምተኛው ሲወጣ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ከፎገራና ከደንቢያ ሜዳ፣ ከዘጌና ከሌሎች የጣና ዳር ቀበሌዎች «ይለፈልፋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሰው አልለይ ብሏል» ተብለው በዘመድ ተደግፈው ወደ ባሕር ዳር የሚመጡ ሕሙማን አሉ። ካርዳቸው ላይ «ሳይኮሲስ» (ከእውነታ ጋር ያለ ግንኙነት የሚቋረጥበት የአእምሮ ሁኔታ) ብቻ ተጽፎ መዝገብ ክፍል ሲደርስ፣ ባለሙያው በአይሲዲ-10፣ ማለትም በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ኮድ ዝርዝር መሠረት የሚያገኘው ኮድ ኤፍ 29 ነው። ኤፍ 29 ደግሞ አካላዊ መንስኤ የሌለው፣ ዓይነቱም ያልተለየ ሳይኮሲስ ነው። የወባ የደም ምርመራ ሳይደረግ፣ ስኳር ሳይለካ፣ አካላዊ መንስኤ እንደሌለው በመዝገብ ተረጋገጠ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮድ አሰጣጥ ደንብ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ዋናው ሕመም የሚባለው በሕክምናው መጨረሻ ላይ የታወቀውና ሰውየው እንዲታከም በዋናነት ምክንያት የሆነው ነው። እስከ መጨረሻው ምንም ሕመም ካልተለየ ዋናው ምልክት ይመዘገባል። ለዚህም አር 44 አለ፦ የሌለ ድምፅ መስማት አር 44.0፣ የሌለ ነገር ማየት አር 44.1፣ የሽታ፣ የጣዕም ወይም በቆዳ ላይ የሚሰማ ከሆነ አር 44.2፣ ዓይነቱ ካልተጻፈ አር 44.3። አንዳንድ ባለሙያ አር 44ን የስንፍና ኮድ አድርጎ ያየዋል። እኛ ግን በግምት ከተጻፈ ኤፍ 20 በእውነት የተጻፈ አር 44 ይሻላል እንላለን። ኤፍ 20 ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው፤ አንዴ ካርድ ላይ ከሰፈረ በኋላ የሚመጣው ተረኛ ሐኪም ሁሉ እሱን አንብቦ ይጀምራል፣ ሕመምተኛው በሌላ ነገር ቢታመም እንኳ። ስኪዞፍሬኒያው ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ አር 44 አብሮ አይጻፍም፣ ምልክቱ የሕመሙ አካል ነውና።

ለይቶ ለመጻፍ መጀመሪያ መታየት ያለበት ንቃት ነው። ቀኑንና ቦታውን የማያውቅ፣ ጠዋት ተሽሎት ማታ የሚብስበት፣ ትኩረቱ የሚበታተን ሰው ዴሊሪየም (ከአካላዊ ችግር የሚመጣ ድንገተኛ የንቃት መዛባት) ውስጥ መሆኑ ይጠረጠራል። በዓይን የሚታይ ነገር ከድምፅ ይልቅ ሲበዛም ጥርጣሬው ወደ አካላዊ መንስኤ ያጋድላል። ፋልሲፓረም የተባለው ከባድ የወባ ዓይነት አንጎል ላይ ከደረሰ ኮዱ ቢ 50.0 ነው፤ ዴሊሪየሙ በኤፍ 05 ተጨማሪ ሆኖ ይገባል። ንቃቱ ሳይዛባ በአካላዊ ሕመም ምክንያት የሌለ ነገር የሚሰማ ወይም የሚያይ ከሆነ ግን ኤፍ 06.0 ተሰጥቶ የመንስኤው ኮድ ይጨመርበታል። መዝገብ ክፍል ይህን ከራሱ ፈጥሮ ሊጽፍ አይችልም። ሐኪሙ «ከወባ የተነሳ» ብሎ ካላገናኘው ሁለቱ ሕመሞች ጎን ለጎን የተቀመጡ እንግዳዎች ይሆናሉ።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በመጠጥ ላይ ነው። ለዓመታት አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ጠበል ሊጠመቅ ይሄዳል፤ እንደ ሥርዓቱ መጠጡን በአንድ ጊዜ ያቆማል፣ ይጾማል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ በግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል። ዘመድ ርኩስ መንፈስ ተነሣበት ይላል፣ ጤና ተቋም ሲደርስ ደግሞ «ሳይኮሲስ» ይጻፍለታል። ትክክለኛው ኮድ ኤፍ 10.4፣ ከመጠጥ ማቋረጥ ጋር የመጣ ዴሊሪየም ነው። ንቃቱ ሳይዛባ ድምፅ ብቻ የሚሰማ ጠጪ ኤፍ 10.5 ይሆናል። ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፦ ለሳይኮሲስ የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ይህ ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ ለዚያ የተጋለጠ ነው። የሚያስፈልገው እንደ ዳያዜፓም ያለ የሚያረጋጋ መድኃኒትና ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ነው፤ ግሉኮስ የሚሰጠው ከሆነም ታያሚኑ ይቅደም። ስለዚህ «ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከነመልሱ ካርድ ላይ መስፈር አለበት። በጠበል ቦታ ያሉ አገልጋዮችም መጠጥ ያቆመ ሰው ሲንቀጠቀጥ ካዩ ጠበሉን ሳያስቀሩ ወደ ሕክምና ቢልኩት ነፍስ ያድናሉ። ጫት አነቃቂ ስለሆነ በእሱ ምክንያት የመጣ ሳይኮሲስ በኤፍ 15.5 ይመዘገባል።

አካላዊ መንስኤውና ሱሱ ከተጣሩ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈጥኖ የመጣ ሳይኮሲስ ኤፍ 23 ነው። በአይሲዲ-10 ስኪዞፍሬኒያ ለማለት ምልክቶቹ ቢያንስ 1 ወር መቆየት አለባቸው፤ ከዚያ በፊት የስኪዞፍሬኒያ ምልክት ያለው ሰው ኤፍ 23.2 ሆኖ ይቆያል፣ ወሩ ካለፈ ኮዱ ይለወጣል። ይህ ለውጥ የሚረሳው ክትትል ላይ ነው፦ ሕመምተኛው ሲመለስ የድሮው ኮድ እንዳለ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ተከታዩ ዝርዝር አይሲዲ-11 ስኪዞፍሬኒያን 6ኤ20 ብሎ የድሮዎቹን ንዑስ ዓይነቶች አስቀርቷል፤ የ1 ወሩን መስፈርት ግን አልነካውም።

በሐዘን ሰሞን የሟቹን ድምፅ የሰማችን እናት ማንም ኮድ አይስጣት፤ ሐዘን ነው። ዛርም ቢሆን፣ ሰውየው ሳይፈልገው የሚመጣና ከተለመደው ሥርዓት ውጪ ኑሮውን የሚያውክ ካልሆነ በቀር፣ የመንፈስ መያዝ ሕመም ወደሚመዘገብበት ኤፍ 44.3 አይገባም። በወለደች በ6 ሳምንት ውስጥ በከባድ የአእምሮ ሕመም ለታመመች ሴት ያለው ኤፍ 53.1 ደግሞ በሌላ ኮድ ሊገለጽ ላልቻለ ብቻ የተተወ ነው።

የጤና ተቋማት ኃላፊዎችን የምንጠይቀው አነስተኛ ነገር ነው። በተመላላሽም ሆነ በድንገተኛ ካርድ ላይ አራት ክፍት ቦታዎች ይጨመሩ፦ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ የንቃት ሁኔታ፣ የወባ ምርመራ ውጤት፣ መጠጥ ወይም ጫት ለመጨረሻ ጊዜ የተወሰደበት ቀን። እነዚህ ሳይሞሉ መዝገብ ክፍል የደረሰ ካርድ ኮድ ሳይሰጠው ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

በባሕር ዳር የሚገኙ የሕክምና መዝገብ ባለሙያዎች