የጎረቤት ንፋስ

አንቺ ሀያቲ፣

አለሽ ወይ? እኔ አለሁ። መጥፋቴን ባልክድም አንቺም ደውለሽ አታውቂም፤ ጥፋቱን እኩል ተካፍለን እንለፈው። የኔን ድርሻ ስትመጪ በባቅላባና በሻሂ እክሳለሁ። የለቅሶውን ነገር ግን እዚህ አላነሳውም፤ እሱ ፊት ለፊት ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት። አትደንግጪ፣ የብር አይደለም። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጊሽጣ የምንሰርቅበት ግቢ ሊሸጥ ነው። ታስታውሻለሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፣ ጠባሳው ጉልበትሽ ላይ አለ። ልገዛው ነው። ማለቴ... ልገዛው እያሰብኩ ነው። እህ፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ፣ መጋረጃው ምን ዓይነት እንደሚሆን ሁሉ ጨርሻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ሄድኩ፣ ሆን ብዬ በዚያ ጠራራ። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌው በሽርጥ ሆኖ በረንዳ ላይ ጋደም ብሏል። (አዲስ አበባ አንቱታ አስለምዳሽ ይሆናል፤ እኛ አሁንም ሽማግሌውንም ከንቲባውንም አንተ ነው የምንለው።) የድንጋዩ ግድግዳ ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ ደፍ ላይ ሰው እግሩን አጥፎ ይቀመጥበታል። ኮርኒሱ ሩቅ ነው። የሳሎኑ ወለል ማቶኔላ ሰው በሚመላለስበት በኩል ቀለሙ ለቋል፣ ከሶፋው ስር ግን ቀይና ጥቁሩ እንደ አዲስ ነው። ማድ ቤቱ ያፈሳል፤ የመብራቱን ማብሪያ ስትነኪው ይነዝራል። ይሄ ሁሉ ይጠገናል። ከዚያ ሽማግሌው ተነስቶ በመጋዘኑ በኩል ያለውን መስኮት ከፈተው። ነጠላዬ ከትከሻዬ ተነስቶ ሄደ! በድሬ፣ በ8 ሰዓት፣ ያለ ቬንትሌተር! ባቡሩ በ1895 ሲገባ ከዚራን የቀየሱት ፈረንሳዮች ስለኛ ብዙም አላሰቡ ይሆናል፣ ሙቀቱን ግን አስበውበታል።

ጣጣው ያለው እዚያው መስኮት ላይ ነው። ንፋሱ የሚመጣው ድሮ የቡና መጋዘን ከነበረው ባዶ ቦታ ነው። አሁን ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ ሰሌዳ ቆሞበታል፦ ጂ ፕላስ ስምንት አፓርታማ፣ ከስሩ ሱቅ፣ ከሱቁ ስር መኪና ማቆሚያ። ሥዕሉ ላይ ቤቴን ፈለግኩት (ቤቴ አልኩ አይደል፣ ገና ቀብድ እንኳን ሳልሰጥ)። የለም። ቤቱ ባለበት ቦታ ሣር ተስሏል፣ ሣሩ ላይ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት አለች። አቦ፣ ድሬ ላይ ሣር ለሣር ጋሪ የሚገፋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሠዓሊው ሰንፎ ነው ወይስ አንድ ሰው አስቦበት ነው እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ። ሄጄም ጠየቅኩ። አንዱ ቢሮ «አይነካም» አለኝ፣ ጎረቤቱ ያለው ቢሮ «ፕላኑ እየተከለሰ ነው» አለኝ።

ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ካርታ አለው፣ እዳና እገዳ የለበትም። ቤተሰቡ የሚኖርበት አንድ ቤት ስለነበር ትርፍ ቤት የወረሰው አዋጅ 47/67 አልወሰደባቸውም። ልጆቹም ጅቡቲ ካለችው በቀር ውክልና ልከዋል። ነባር ይዞታ ነው ግን፣ ከሊዝ በፊት የተያዘ መሬት፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ደግሞ ከውርስ ውጪ የተላለፈ ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ ይግባ ይላል፣ ስለዚህ በስሜ ሲዞር ሌላ ክፍያ አለ። እሱን ቆጥሬዋለሁ። የታላቄ ልጅ ሕግ ጨርሷል፣ የፍትሐ ብሔሩን አንቀጽ 1225 አውጥቶ አነበበልኝ፦ የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን አይጎዳም፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት፣ ንዝረት ከልክ አያሳልፍም። ደስ አለኝ። «ንፋስ መከልከልስ?» ስለው መጽሐፉን አጠፈው።

እንግዲህ ኢንጂነሯ፣ ያንቺ ነገር እዚህ ጋ ነው። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ ነው፣ ላዩ ኖራ፤ ብረት የሚባል የለበትም። ከአጥሩ እስከ ቤቱ ያለው ክፍተት አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ነው። መኪና ማቆሚያ ካሉ ይቆፍራሉ፣ ከሥር ያለው ደግሞ አሸዋ ነው፣ የደቻቱን ወንዝ አፈር አንቺ ታውቂዋለሽ። ሲቆፍሩ ጎኑን ሳይደግፉ ቢተውት የኔ መሠረት ወደነሱ አይንሸራተትም? ከመጀመራቸው በፊት ያሉትን ስንጥቆች ሁሉ በፎቶ ይዤ፣ ቀን ጽፌባቸው፣ ለነሱም ግልባጭ ብሰጥ ይጠቅመኛል ወይስ ይስቁብኛል? ደግሞ ጎርፉ አለ። የ98ቱ እዚህ ግቢ እንዳልደረሰ ሽማግሌው ይምላል፣ አምነዋለሁም፣ ቦታው ከፍ ያለ ነው። እነሱ ግን አፈር ሞልተው ከኔ በላይ ከፍ ካሉ የክረምቱ ውሃ የት ይሄዳል? ያን ሌሊት አንቺም አትረሺውም፤ እኔ ዝናብ በሌሊት ሲጥል እስከ ዛሬ ጫማዬን አላወልቅም።

ዋጋውን አልነግርሽም፣ ትጮሂብኛለሽ። የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ዋጋ ሲጠራ ያንን መስኮት ከፍቶ ነው የጠራው። ግድግዳውን፣ ማቶኔላውን፣ ጊሽጣውን ይሽጥልኝ፣ የሱ ነው። ንፋሱ ግን የጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ስምንት ፎቅ ሊቆልልበት ነው። መስኮቱን ዘግተን እንነጋገር ብዬ በዝግ ቤት ዋጋ ጠራሁለት። ከት ብሎ ሳቀና «አቦ፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። የአባቴን ስም ስነግረው፣ ከምድር ባቡር ዴፖ ያውቀዋል ለካ፣ ትንሽ ቀነሰ። ትንሽ ነው ያልኩሽ።

ባለቤቴ የለም ይላል። የሳቢያኑን ኮንዶሚኒየም ሸጠሽ የፎቅ ጥላ ልትገዢ ነው ወይ ይለኛል። አልተሳሳተም። እኔም በቀን ቀን እንደሱ ነው የማስበው። ማታ ግን የላይኛው ጎረቤት ወንበር ሲጎትት፣ የታችኛው ቴሌቪዥን ሲያንባርቅ፣ በራሴ ግቢ አልጋ አውጥቼ በዛፍ ስር መተኛት ያምረኛል። ስምንት ፎቅ ሙሉ ሰው ቁልቁል እያየኝ እንዴት እንደምተኛ አትጠይቂኝ፣ እሱን ገና አልፈታሁትም።

ፎቶዎቹን አያይዤልሻለሁ፤ የማድ ቤቱን ጥግ አጉልተሽ እዪው፣ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ልቤን ደስ ይበለው ብለሽ «ግዢው» እንዳትይኝ። ሽማግሌው የሚጠብቀኝ እስከ ጥምቀት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ለሌላ አሳያለሁ ብሏል። ራስሽ መጥተሽ ብታዪው ደግሞ... እንጃ፣ ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ። በባቡር ከመጣሽ ጣቢያው እንደ ድሮው ለገሃር አይምሰልሽ፣ ከከተማ ውጪ ነው፣ ባጃጆቹም የአዲስ አበባ ሰው ሲያዩ ዋጋ ይሰቅላሉ። ቀድመሽ ደውይልኝ፣ ወጥቼ እቀበልሻለሁ። ሜትርሽን ይዘሽ ነይ።