ጨዋታው ሲበዛ ተጋጣሚው አይጠነክርም

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል የጻፉት ዓምደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች የተገኘ የያርድ አማካይ (ቡድኑ በአንድ ጨዋታ ኳሱን ወደፊት የገፋበት ርቀት) «ናሙናው ትንሽ ስለሆነ» ከንቱ ነው፤ አሥራ ሁለቱ እስኪያልቁ እንጠብቅ ብለዋል። ትንሽ ናሙና ያታልላል የሚለውን ግማሹን እቀበላለሁ። ጨዋታው ሲበዛ ይስተካከላል የሚለውን ሌላውን ግማሽ ግን ማለፍ አልቻልኩም፤ የምተዳደረው በናሙና ነውና። የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ግሉኮስ እየገባበት ካለ ክንድ ደም ከተቀዳ፣ አንድ ቱቦ ቢሞላ አሥር፣ ማሽኑ የሚያወጣው ያንኑ የተሳሳተ ስኳር ነው።

የሊበርቲ ዩኒቨርሲቲን ቡድን የ2023 ዘመን (እ.ኤ.አ.) ይውሰዱ። ከቦውሉ (ከዘመኑ ማብቂያ ልዩ ጨዋታ) በፊት 13 ጨዋታ፣ 13 ድል። በዚህ ስፖርት ከዚህ የሰፋ ናሙና ከየት ይመጣል? ነገር ግን ከተጋጣሚዎቹ መካከል ከታላላቆቹ አምስት ኮንፈረንሶች (ቡድኖች ተቧድነው እርስ በርስ ከሚወዳደሩባቸው ማኅበራት) የመጣ አንድም አልነበረም። ጥር ወር ሲገባ በፊዬስታ ቦውል ከኦሬገን ጋር ተገናኘ። ቀድሞ ያስቆጠረው ሊበርቲ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኦሬገን ብቻውን አስቆጠረና 45 ለ 6 አለቀ።

ይህን ስል ግን ደካማ የገጠመ ሁሉ ደካማ ነው ማለቴ አይደለም። በ2017 ሴንትራል ፍሎሪዳ 12ቱን ሁሉ አሸንፎ «ማንን ገጠመና» ተብሎ ተናቀ። በፒች ቦውል ኦበርንን 34 ለ 27 ሸኘው። ያ ኦበርን ደግሞ በዚያው ዘመን አላባማንም ጆርጂያንም ያሸነፈ ነው፤ ለዋንጫ የደረሱት እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። ቀላል ፕሮግራም የቡድኑን አቅም ይሸፍነዋል እንጂ አይፈርድበትም።

ኦሃዮ ስቴት የሚማረው ልጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ ደካሞቹን አውጥተህ ከጠንካሮቹ ጋር የተደረጉትን ብቻ ቁጠራ!» ይለኛል። ይቺ ደግሞ ከዓምደኛው ሐሳብ በተቃራኒ የምትወድቅ ናት። ሦስት ወይ አራት ጨዋታ ይቀራል፤ ሦስት ጨዋታ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያታልል የራሱ ቡድን ምስክር ነው። ኦሃዮ ስቴት በጥቅምት 2024 በኦሬገን 32 ለ 31 ተሸነፈ። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን በሮዝ ቦውል ያንኑ ኦሬገን 41 ለ 21 ረታው። የተጋጣሚው ጥራት አልተለወጠም፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። በመሐል በሚሺጋን 13 ለ 10 የተሸነፈበትም አለ (ያን ሰሞን ኮሎምበስ ውስጥ ሰው ለሰው ሰላም የሚባባል አይመስልም ነበር)፤ ይኸው ቡድን ከዚያ በኋላ አራት ጨዋታ አከታትሎ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

የሚሻለው ጨዋታዎቹን ሁሉ ይዞ፣ እያንዳንዱን ተጋጣሚው ለሌሎች ከሚፈቅደው ጋር ማስተያየት ነው። በአማካይ 450 ያርድ በሚፈቅድ ቡድን ላይ 420 ያርድ መሄድ ከሚጠበቀው በታች ነው። 280 በሚፈቅድ ላይ 350 መሄድ ግን ትልቅ ሥራ ነው። ጥሬው አማካይ የመጀመሪያውን ያሞግሳል።

ሁለቱን ጭንቀት፣ የናሙናውን ማነስና የተጋጣሚውን ድክመት፣ በአንድ ላይ የሚይዝ ስሌትም ኖሯል። ዌስሊ ኮሊ የተባለው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ያወጣው፣ ቢሲኤስ (ለዋንጫው ጨዋታ ቡድኖችን ይመርጥ የነበረው የቀድሞ ሥርዓት) ይጠቀምባቸው ከነበሩት የኮምፒውተር ደረጃዎች አንዱ፣ መነሻው ቀላል ነው፦ የድሎች ቁጥር ሲደመር 1፣ ለጨዋታዎች ቁጥር ሲደመር 2 ይካፈላል። አንድ ተጫውቶ አንድ ያሸነፈ ቡድን መቶ በመቶ አይሰጠውም፤ ሁለት ሦስተኛ ነው የሚያገኘው። 12 ከ12 ያሸነፈ 13 አሥራ አራተኛ፣ ወደ 93 በመቶ ገደማ። ከዚያ በተጋጣሚዎቹ ደረጃ ይታረማል። በ2017 መጨረሻ ሴንትራል ፍሎሪዳን አንደኛ ያደረገው ይህ ስሌት ነው። እኔ ሙሉ በሙሉ አልወደውም፤ በአንድ ነጥብ ማሸነፍንና በአርባ ነጥብ ማሸነፍን እኩል ያያልና። በአርባ ነጥብ የሚመራ አሠልጣኝ በአራተኛው ሩብ ተቀያሪዎቹን እንደሚያስገባ ግን አልዘነጋም፤ ነጥብ መቁጠርም የራሱ ጣጣ አለው።

ዋናው ነገሬ ግን ይኼ ነው። በ2024 በላይኛው ምድብ 134 ቡድኖች ነበሩ። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 12 ጨዋታ ብቻ ይጫወታል፤ በታላላቆቹ ኮንፈረንሶች 8ቱ ወይም 9ኙ ከኮንፈረንሱ ጓዶች ጋር ናቸው። እርስ በርስ ብቻ ሲጫወቱ ደግሞ አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋል፤ ኮንፈረንሱ በጠቅላላው ጠንካራ ይሁን ደካማ ከዚያ ውስጥ አይወጣም። ኮንፈረንሶቹን እርስ በርስ ለማነጻጸር የሚያስችሉን ከውጭ ጋር የሚደረጉት ሦስት አራት ጨዋታዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚደረጉት መቼ ነው? በመስከረም! ዓምደኛው «ትንሽ ናሙና» ብለው የጣሏቸው ሳምንታት፣ የኋለኛውን ሁሉ የምንመዝንባቸው ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሠንጠረዣችሁ ከያርድ አማካዩ ጎን አንድ ዓምድ ጨምሩልን፦ ተጋጣሚዎቹ ለሌሎች በአማካይ ስንት እንደሚፈቅዱ። ቦታ ጠበበ ከተባለ፣ ኳስ የተያዘበትን ደቂቃ የሚያሳየውን አውጡት፤ እሱን የሚያነበው ያለ አይመስለኝም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ