ጅጣን ስትወርጂ

ይድረስ ለልጄ። እንደምን አለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። መሥሪያ ቤትሽ ፒክአፕ አስረክቦ ደላንታ፣ ወገል ጤና መደበሽ ሲባል እናትሽ ደነገጠች፣ እኔ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈለግሁ። በስልክ ብነግርሽ "እሺ አባባ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ።

ከወልድያ በድልብ አድርገሽ ጋሸና እስክትወጪ ብዙ አልናገርም። ሽማግሌው እስካሁን "የቻይና መንገድ" የሚለው ነው፤ መኪና ስለማይጠፋበት የሚረዳሽ አታጪም። ዳገቱ ላይ መኪናው ቢደክምብሽ ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ጋሸና ደግሞ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ማርሽ ቀንሰሽ ረጋ ብለሽ ውጪ።

የሚያሳስበኝ ከጋሸና ወዲያ ያለው ነው። ከዋድላ ወደ ደላንታ ስትሻገሪ የጅጣ ሸለቆ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ይህንኑ ሸለቆ ተሻግረዋል፤ መንገድ እየጠረጉ፣ በሰው ክንድ። አንቺ ፍሬን አለሽ። ግን ፍሬኑን አትመኚው።

ዳገቱን በምትወጪበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረጂ። ሁለተኛ፣ ከባሰ አንደኛ። ሞተሩ ራሱ ይያዝሽ። በኛ ጊዜ ናፍጣ እንቆጥባለን ብለው ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥተው፣ የሚለቁ ሾፌሮች ነበሩ። ጀግንነት ይመስላቸው ነበር! ሞተር ካጠፋሽማ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደርቃል። እግርሽን ፍሬን ላይ ጭነሽ ከወረድሽ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የተቃጠለ ሸራ። ቀጥሎ ፔዳሉ ይለሰልስና ወለል ድረስ ይገባል። የፍሬን ዘይቱ ፈላ ማለት ነው። እዚያ ሳይደርስ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገሽ ቁሚ። ውረጂና መዳፍሽን ወደ ቸርኬው አስጠጊ፣ እንዳትነኪው ብቻ። ሙቀቱ ከሩቅ ከለበለበሽ እስኪበርድ ተቀመጪ። ውሃ እንዳትደፊበት፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ስትቆሚ ለጎማው ታኮ ድንጋይ አድርጊ፤ ስትሄጂ ግን አንሺው። ድንጋዩን መሃል መንገድ ጥሎ የሚሄድ ረዳት እንዴት እንደሚያናድደኝ! በጉም የሚመጣ ሰው ኩርባ ላይ ምን ያያል? ኩርባ ላይ ክላክስ አድርጊ። ዳገት ለሚወጣ መኪና ቅድሚያ ስጪ። በክረምት ጠርዙን አትጠጊ፣ ከሥሩ ጎርፍ በልቶት ይሆናል። ጉሙ ከወረደ ደግሞ ቁሚ። ስብሰባው ይቅር።

የእናትሽን መልእክት ላድርስ። ደላንታ ኦፓል ይወጣል ሲባል ሰምታ፣ ለቀለበት የሚሆን ፈልጊልኝ ትላለች። እኔ ከዚያ በፊት የስኮርታ ጎማውን አየር አስለኪ፣ ክሪኩም መኖሩን እዪ እላለሁ። ጋሸና ስትደርሺ ደውዪ። አብሽሪ፣ ዱዓ ላይ ነን።

አባትሽ፣ ከደሴ