ቅዳሜ ጥናታችን ስለ መከራ ነው

ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣ የቅዳሜው ጥናት ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ኮቼ በተለመደው ቤት ነው። ርእሱን ቀይረነዋል፤ ክርስቲያን በመከራው ውስጥ ምን ትርጉም ያገኛል የሚለውን እናያለን።

ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ባለፈው ለቅሶ ቤት እህታችን የልጇን ጫማ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ "ለምን?" ስትል፣ ከመካከላችን አንዱ "ለበጎ ነው" አላት፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ኢዮብ ምዕራፍ 1፣ 2 እና 42ን አንብባችሁ ኑ። ወዳጆቹ 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ስህተታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር "ቁጣዬ ነድዷል" ያለውም ለኤልፋዝና ለሁለቱ ጓደኞቹ ነው፤ ያን ሁሉ ሲጮህ የነበረው ኢዮብ ግን ባሪያዬ ተባለ። ጌታችንም መስቀል ላይ "አምላኬ፣ አምላኬ፣ ስለ ምን ተውኸኝ?" ብሏል። የሚያለቅስ ሰው እምነቱ ደክሟል የምንለውን ነገር እባካችሁ እንተወው። መከራ ትዕግሥትን ያመጣል የሚለውን ሮሜ 5፥3-5ንም እናነባለን፣ ግን ለራሳችን እንጂ እህታችን ላይ ለመስበክ አይደለም።

ከጥናቱ በኋላ 11፡30 ላይ አብረን እሷ ቤት እንሄዳለን። ቡናና ስኳር እኔ እይዛለሁ፣ ዳቦ የሚያመጣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጃንጥላ እንዳትረሱ።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፦ ለአንድ ወር ማታ ማታ በየተራ ሁለት ሁለት እየሆንን ብንጠይቃትስ? የምትመጡም የማትችሉም፣ የሚመቻችሁን ቀን ጨምራችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።