አጭር ልቦለድ የረጅም ልቦለድ መለማመጃ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሥነ ጽሑፍ መድረኮቻችን ላይ የአጭር ልቦለድ ደራሲ በቀረበ ቁጥር «ረጅሙንስ መቼ ታስነብበናለህ?» የሚል ጥያቄ ከታዳሚው ይነሣል። ጠያቂዎቹ በቅንነት እንደሚጠይቁ አልጠራጠርም። ሆኖም አጭር ልቦለድን ለሌላ ሥራ መለማመጃ አድርጎ ማየት ትክክል አይመስለኝም፤ ለዚህም የአሜሪካዊውን የሳይንስና የምናባዊ ልቦለድ ደራሲ የቴድ ቺያንግን የሥራ ሕይወት በማስረጃነት ላቅርብ።

ቺያንግ በ1967 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ። ከ15 ዓመቱ ጀምሮ ታሪኮቹን ለመጽሔቶች ይልክ ነበር፤ ለዓመታት ግን የተቀበለው አልነበረም። በ1989 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ፣ በዚያው ዓመት ጀማሪ ደራሲዎች አንዱ የሌላውን ሥራ እያነበቡ ለስድስት ሳምንት በሚተራረሙበት የክላሪዮን ዐውደ ጥናት ተካፈለ። በ1990 «ኦምኒ» በተባለው መጽሔት የታተመለት የመጀመሪያ ታሪኩ ለሳይንስና ለምናባዊ ልቦለድ የሚሰጠውን የኔቡላን ሽልማት አስገኘለት።

የዚህ ታሪክ መነሻ እኛም ከኦሪት ዘፍጥረት የምናውቀው የባቢሎን ግንብ ነው። ቺያንግ ግንቡ ሳይቋረጥ ሰማይ እስኪነካ ቢሠራ ምን ይሆን ነበር ብሎ ይነሣል። በሰናዖር ሜዳ በቆመው በዚህ ግንብ ላይ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው ጫፉ ላይ ለመድረስ አንድ ወር ተኩል ይፈጅበታል፤ በጋሪ የተጫነ ጡብ ደግሞ አራት ወር ይወስዳል። በመንገዱ ላይ ግንቡን ቤታቸው ያደረጉ፣ በሰገነቱ አትክልት የሚያበቅሉ ሰዎች አሉ። ከኤላም የተጠሩት ማዕድን ቆፋሪዎች የሰማዩን ጣራ ሊፈለፍሉ ሲወጡ፣ አንባቢውም የጉዞውን ድካም በእግሩ የሚያውቀው እስኪመስለው ድረስ አብሯቸው ይወጣል። ደራሲው የማይሆነውን ነገር በልክና በስሌት አሳማኝ ያደርገዋል፤ ሐሳቡ በተፈጸመበት ገጽ ላይም ያቆማል። ይህ ታሪክ በአራት መቶ ገጽ ቢጻፍ ኖሮ ኃይሉ ይሟሽሽ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከእንዲህ ዓይነት አጀማመር በኋላ ብዙዎች ሥራቸውን ትተው ወደ ረጅም ልቦለድ ይገቡ ነበር። ቺያንግ ግን ለሶፍትዌር ኩባንያዎች የቴክኒክ መመሪያ እየጻፈ መተዳደሩን መረጠ። የመጀመሪያው መድበሉ በ2002 ስምንት ታሪኮችን፣ ሁለተኛው በ2019 ዘጠኝ ታሪኮችን ይዞ ወጣ። በ1998 ያሳተመው፣ ከሌላ ዓለም የመጡ እንግዶችን ቋንቋ ስለምታጠና ምሁር የሚተርክ ሥራው በ2016 ፊልም ሆኖ ለስምንት ኦስካር ሲታጭም መንገዱን አልቀየረም።

ከሁሉ ይልቅ የማከብርለት በ2003 ያደረገውን ነው። አንድ ታሪኩ በዘርፉ ታላቅ ለሆነው ለሁጎ ሽልማት ሲታጭ፣ በአሳታሚ ጥድፊያ ምክንያት እንደሚፈልገው ሳይሆን መውጣቱን ገልጾ ዕጩነቱን አልቀበልም አለ። ለአጭር ጽሑፍ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ሥራውን እንደ መለማመጃ አያየውም።

እርግጥ ነው፣ በአጭር ልቦለድ ብቻ መኖር በአሜሪካም አስቸጋሪ ነው። የዘርፉ ደራሲዎች ማኅበር ከ2019 ጀምሮ የሙያ ክፍያ ብሎ የሚቀበለው ዝቅተኛ ተመን በቃል 8 የአሜሪካ ሳንቲም ስለሆነ፣ በዚህ ሂሳብ አምስት ሺህ ቃላት ያሉት ታሪክ 400 ዶላር ያስገኛል። ይህ ገንዘብ ወራት ለፈጀ ሥራ ጥቂት ቢሆንም፣ ስም ከሌለው ወጣት የተላከን ታሪክ አንብቦ የሚመርጥና የሚከፍል መጽሔት መኖሩ ግን ትልቅ ነገር ነው። ቺያንግም የተገኘው በዚህ በር ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በኪነ ጥበብ ዐምዱ ለአጭር ልቦለድ፣ በተለይም ደጋፊ ላጣው የሳይንስና የምናባዊ ልቦለድ፣ ቋሚ ቦታ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለሚታተመው ታሪክ መጠነኛም ቢሆን ክፍያ ይመደብለት፤ ሳይታተም ለሚቀረውም ጸሐፊ ምክንያቱ በአንድ ሁለት መስመር ይገለጽለት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ